አይጠየፍ ገበታ፦ ራስን ሳያስርቡ ክብደትን መያዝ

ደሴ ውስጥ አይጠየፍ የሚባል አዳራሽ አለ። ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት የግብር አዳራሽ ነው። ስሙ የወጣለት የመጣውን ሁሉ ሳይጠየፍ፣ ደረጃ ሳይለይ ስለሚያበላ ነው ይባላል። ይህን መመሪያ ለመጻፍ ስቀመጥ ስሙ ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። እኔ ለዓመታት ሳደርግ የኖርኩት ተቃራኒውን ነበራ! እንጀራን ተጠየፍኩ። ዳቦን ተጠየፍኩ። ቅቤንማ ስሙ ሲነሳ ፊቴን አዞር ነበር።

ሦስት ጊዜ ዳይት ጀመርኩ፣ ሦስት ጊዜ ወደቅኩ። የሦስተኛው ይባስ። ጠዋት ሎሚ በሞቀ ውሃ፣ ማታ ሰላጣ፣ እንጀራ እርም። በ19ኛው ቀን ኮምቦልቻ ዘመድ ሰርግ ተጠራሁ። ገበታው ላይ «ዳይት ላይ ነኝ» ብዬ ተኮፍሼ ሰላጣውን ነካ ነካ አደረግኩ። ማታ ቤቴ ገባሁ። መብራት ሳላበራ መሶቡን ከፈትኩ። ያደረ እንጀራ በቀዘቀዘ ሽሮ፣ ቆሜ፣ ሁለት ተኩል በላሁ።

እናቴ ይህን ስነግራት አልሳቀችም። «ልጄ፣ ረሃብን ፈልጎ የሚጠራ ሰው አይቼ አላውቅም» አለችኝ። እናቴ ሰባ ሰባትን ያየች የወሎ ሴት ናት። ስለ ረሃብ ስትናገር ዝም ብሎ መስማት ነው።

ከዚያ በኋላ ነው ነገሩን ከሥሩ ማንበብ የጀመርኩት። እ.ኤ.አ. በ1944 እና በ1945 አሜሪካ ውስጥ፣ በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ፣ አንሴል ኪስ የሚባል ተመራማሪ 36 ጤነኛ ወጣት ወንዶችን ለስድስት ወር ያህል በግማሽ ሆድ አቆያቸው። የገቡበት በፈቃዳቸው ነው። ዓላማው በጦርነት የተራበ ሕዝብ እንዴት እንደሚያገግም ማወቅ ነበር። ክብደታቸው በሩብ ያህል ቀነሰ። ግን ክብደት ብቻ አልነበረም የቀነሰው። ብርድ ብርድ ይላቸው፣ በትንሽ በትልቁ ይነጫነጩ ጀመር። ጨዋታቸው ሁሉ ስለ ምግብ ሆነ። የምግብ አሠራር መጽሐፍ የሚሰበስቡ፣ ሳህን የሚልሱ ወጡ። ሙከራው አልቆ እንደልብ ብሉ ከተባሉ በኋላም በልተው በልተው አልጠግብ ያሉ ነበሩ።

መብራት ሳላበራ መሶብ የከፈትኩት እኔ ከነሱ በምን እለያለሁ?

ምግብ በብዛት ሲቀንስበት ሰውነት የሚያውቀው አንድ ነገር ነው፤ ክፉ ቀን መጥቷል። ድርቅ ይሁን የእህትሽ ሰርግ መድረስ አይለይም። የረሃብ ሆርሞኑን ከፍ ያደርጋል። ጥጋብን የሚናገረውን ዝቅ ያደርጋል። ጉልበት ይቆጥባል። የጎደለበትን እስኪመልስ ዓይንሽን ከዳቦው ላይ አያነሳም። ይህ የፈቃድ ድክመት አይደለም። አያቶቻችንን ያተረፈ ጥበብ ነው።

እንግዲህ ከዚህ በታች ያለው ሰውነትን ክፉ ቀን መጥቷል ብለን ሳናስደነግጥ የምንበላበት መንገድ ነው። እኔ በዚህ መንገድ አንድ ዓመት ከመንፈቅ ሆኖኛል።

መጀመሪያ፦ ይህ መመሪያ ለማን አይሆንም

ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ፣ የስኳር መድኃኒት ወይም ኢንሱሊን የምትወስዱ ከሆነ፣ ሳትፈልጉ ክብደት እየቀነሰባችሁ ከሆነ፣ ወይም ከበላችሁ በኋላ ሆን ብላችሁ የምታስመልሱ ከሆነ መጀመሪያ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። የመጨረሻው ሕመም ነው፤ የሚያሳፍር ነገር የለውም። በድንገት መወፈርም አንዳንዴ ከእንቅርት ዕጢ ወይም ከሚወሰድ መድኃኒት ይመጣል። እሱን እንጀራ በማብዛትና በማሳነስ አታስተካክሉትም።

1. ሚዛኑን ከአልጋ ሥር አስገቡ፣ ሜትር አውጡ

በየጠዋቱ ሚዛን ላይ የሚወጣ ሰው በየጠዋቱ ይታለላል። ክብደት በአንድ ቀን ውስጥ አንድም ሁለትም ኪሎ ይወጣል ይወርዳል። ጨው የበዛበት ወጥ ከበላችሁ ውሃ ይያዛል። ሴት ከሆናችሁ የወር አበባ ሲቀርብ ይጨምራል። ዳይት በጀመራችሁ በመጀመሪያው ሳምንት «ሦስት ኪሎ ቀነስኩ» የሚያስብለውም አብዛኛው ውሃ ነው። ሰውነት ካከማቸው ስኳር ጋር ውሃ አብሮ ይቀመጣል፤ ስኳሩ ሲወጣ ውሃውም ይወጣል። እንጀራ ስትቀምሱ ተመልሶ ይመጣል። ያኔ «ዋይ፣ ወፈርኩ!» ብላችሁ ታለቅሳላችሁ። ሞኝነት ነው፤ አውቀዋለሁ፤ አልቅሻለሁ።

የልብስ ሰፊ ሜትር ግዙ። በወር አንዴ ብቻ፣ ጠዋት፣ ቁርስ ሳትቀምሱ ወገባችሁን ለኩ። ቦታው ከታችኛው የጎን አጥንትና ከዳሌ አጥንት ጫፍ መካከል ነው። ሆድ አይሳብም። ተንፍሶ ነው የሚለካው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ለሴት ከ80፣ ለወንድ ከ94 ሴንቲ ሜትር በላይ ከሆነ ለስኳርና ለልብ በሽታ የመጋለጥ ዕድል መጨመር ይጀምራል። ለሴት ከ88፣ ለወንድ ከ102 ሲያልፍ ደግሞ በደንብ ይጨምራል። ከሚዛን ይልቅ ይህን ማወቅ ይጠቅማል። አደገኛው ስብ ዳሌ ላይ የሚያርፈው ሳይሆን ሆድ ዕቃ ዙሪያ የሚከማቸው ነውና።

ቁጥሩን ደብተር ላይ ጻፉና ደብተሩን ዝጉ። የወሩ ሥራ አለቀ።

2. በሰዓቱ ብሉ

ክብደት ለመቀነስ የመጀመሪያው ሥራ መብላት ነው ስል ጎረቤቴ ሳቀችብኝ። ቁርስ የማትቀምስ ሴት ናት። ምሳዋን «ሥራ በዝቶብኝ» ትዘለዋለች። ማታ 2 ሰዓት ላይ ግን አጠገቧ መቀመጥ ያስፈራል።

ቁርስ ከ1 እስከ 2 ሰዓት፣ ምሳ ከ6 እስከ 7፣ ወደ 10 ሰዓት መክሰስ፣ እራት ማታ 1 ሰዓት ተኩል ገደማ። ለሁለት ሳምንት ያህል ሌላ ምንም አትቀይሩ። ምን እንደምትበሉም አትቀይሩ። ሰዓቱን ብቻ ያዙ። ሰውነት የሚቀጥለው ምግብ እንደሚመጣ ሲያምን የማታው ወረራ በራሱ ይረግባል። እኔ ላይ ወደ አሥር ቀን ፈጀ።

ለደሴ ብርድ ቁርስ ሞቅ ያለ ይሁን። ቅንጬ፣ የአጃ ሾርባ፣ ወይም ያደረ እንጀራ ፍርፍር ከእንቁላል ጋር። በሶም አለ። በሶን ድሮ የገጠር ሰው ስንቅ ብቻ አድርጌ ነበር የማየው። አሁን በቦርሳዬ ትንሽ ዕቃ ውስጥ አይጠፋም። በውሃና በትንሽ ጨው ይበጠበጣል፣ ሦስት ሰዓት ያህል ያቆማል።

3. ሆዳችሁ የሚለውን በአማርኛ ስሙት

የፈረንጅ መመሪያዎች ረሃብን ከ1 እስከ 10 ቁጥር ስጡት ይላሉ። እኛ ቁጥር አያስፈልገንም። አማርኛው ሠርቶ ጨርሶታል።

ሞረሞረኝ፤ ትንሽ ቆይቼ ብበላ አልጠላም ማለት ነው። ራበኝ፤ አሁን ይቅረብልኝ። አንጀቴ ተጣበቀ፤ አልፏል፣ ሰው ሊቆጡ ነው። በሌላው ጫፍ ደግሞ በቃኝ፣ ጠገብኩ፣ ቁንጣን ያዘኝ አሉ። ሥራችሁ ከ«ሞረሞረኝ» እስከ «ራበኝ» ባለው መካከል መጀመርና «በቃኝ» ላይ ማቆም ነው። «በቃኝ»ና «ጠገብኩ» አንድ አይደሉም። «በቃኝ» ስትሉ ተነስታችሁ ዳገት መውጣት ትችላላችሁ። «ጠገብኩ» ስትሉ መደገፊያ ትፈልጋላችሁ።

ችግሩ «በቃኝ» ዘግይቶ ነው የሚመጣው። ከሆድና ከአንጀት ተነስቶ አንጎል እስኪደርስ 20 ደቂቃ ያህል ይወስዳል። በአምስት ደቂቃ ጨርሶ የሚነሳ ሰው መልእክቱ ሳይደርሰው ነው ሁለተኛ እንጀራ የሚዘረጋው።

እነዚህ የሆድ ናቸው። ሌሎች ሁለት ቃላት አሉ፤ የሆድ የሚመስሉ ግን የሌላ። አንዱ «አማረኝ» ነው። አማረኝ ረሃብ አይደለም፣ ግን ኃጢአትም አይደለም። የጥብስ ሽታ በመንገድ ሲያልፍ ያምራል። ያማራችሁን ስትችሉ ብሉት፤ ተቀምጣችሁ፣ በሳህን አድርጋችሁ ብቻ ብሉት።

ሁለተኛው «ሆድ ባሰኝ» ነው። እዚህ ላይ ቆም እንበል። የባሰው ሆድና የራበው ሆድ አንድ ስም ይዘዋል፣ መድኃኒታቸው ግን ለየቅል ነው። እኔ ከሥራ ተናድጄ ስገባ እጄ ወደ ዳቦ መሶቡ ይሄድ ነበር። አሁን አንድ ጥያቄ አለኝ፤ «ያደረ ቂጣ ቢሰጡኝ እበላለሁ?» አዎ ካልኩ ርቦኛል፣ እበላለሁ። አይ፣ ኬክ ነው የምፈልገው ካልኩ ሆድ ብሶኛል። ያኔ እህቴ ጋ እደውላለሁ። አንዳንዴ ደውዬም ኬኩን እበላለሁ። እሱም ይሁን።

ጫት ለሚቅም ሰው አንድ ማስጠንቀቂያ። ጫት የምግብ ፍላጎትን ይዘጋል። በበርጫ ላይ እያላችሁ ሆዳችሁን ብትጠይቁት መልስ አይሰጥም። ምርቃናው ሲለቅ፣ ሌሊት ላይ፣ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ይጠይቃል። ከለስላሳውና ከሻዩ የገባው ስኳር ሳይቆጠር ማለት ነው። መቃሙን ካልተዋችሁ ቢያንስ ከመቀመጣችሁ በፊት ምሳ በደንብ ብሉ።

4. የእርም ዝርዝሩን ቅደዱ

ወረቀት አምጡ። «ይህን መብላት የለብኝም» የምትሉትን ሁሉ ጻፉ። የእኔ ላይ እንጀራ፣ ዳቦ፣ ቅቤ፣ ጥብስ፣ ድንችና ማር ነበሩ። አንድ የወሎ ሰው ከዚህ ዝርዝር ውጪ ምን በልቶ ያድራል?

በየሳምንቱ አንድ ምግብ ምረጡ። ከቀላሉ ጀምሩ። እኔ በዳቦ ጀመርኩ። ድፎ ዳቦ ጋገርኩ፤ ለሳምንቱ በየቀኑ ከቡና ጋር እንደምበላ ለራሴ ፈቀድኩ። የመጀመሪያው ቀን ሦስት ቁራጭ ሄደ። ሁለተኛውም እንዲሁ። አራተኛው ቀን አንድ በላሁና የቀረውን ረሳሁት። በሳምንቱ መጨረሻ ዳቦው ሻገተ። ዳቦ ሲሻግት ደስ ያለኝ ያን ቀን ብቻ ነው!

የተከለከለ ነገር ይጣፍጣል። ነገ እንደሚኖር የምታውቁት ነገር ግን ዛሬ ተሯሩጦ አይበላም። ቅቤ ላይ ስደርስ ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። ማር ላይ አሁንም አልጨረስኩም።

ስኳር ወይም ደም ግፊት ያለባችሁ ይህን ደረጃ ከሐኪማችሁ ጋር ተነጋገሩበት። የእናንተ ዝርዝር ላይ ያለው ሁሉ በፍርሃት የተጻፈ ላይሆን ይችላል።

5. ገበታ ላይ፦ ከፊት ለፊት፣ ቀስ ብሎ፣ ጉርሻውንም በዘዴ

የጋራ መሶብ ላይ ምን ያህል እንደበላችሁ ማወቅ ከባድ ነው። ሳህን አይጎድልም፣ እንጀራው ይጨመራል፣ ወጡ ይጨመራል። ለዚህ ሦስት ነገር አደርጋለሁ።

የመጀመሪያው፣ ከፊቴ ያለውን ነው የምበላው። ድሮ የተማርነው ሥርዓት ነው፤ አሁን ልኬም ሆነ። ሁለተኛ፣ ጎመኑንና ምስሩን ቀድሜ እበላለሁ። ጥራጥሬና ቅጠል ፋይበርና ፕሮቲን ስላላቸው ቶሎ ያረካሉ፣ ሥጋው ላይ ስደርስ ረጋ ብያለሁ። ሦስተኛ፣ ከፍ ያለ እንጀራና ትንሽ ወጥ ሳይሆን ከፍ ያለ ወጥና ትንሽ እንጀራ እጠቀልላለሁ። እንጀራ ጠላት ሆኖ አይደለም። ጤፍ ብረትና ፋይበር ያለው እህል ነው፤ ቆላ ወርዳችሁ ቆቦና ከሚሴ በኩል የማሽላ እንጀራ ብታገኙም በርቱ። ግን ወጥ የሌለው ጉርሻ ሆድ ይሞላል እንጂ አያቆይም።

አሁን ወደ ዋናው ፈተና። «በሞቴ!» «አፈር ስሆን!» ወሎ ውስጥ ሰው ቤት ገብቶ በቃኝ ማለት ሙያ ይጠይቃል። ጉርሻ አንዱ ያጣላል፣ ሁለቱ ያፋቅራል ይባላል። እኔ ሁለቱን በፍቅር እቀበላለሁ። ሦስተኛው ሲመጣ ራሴ ጠቅልዬ «ይቺ ደግሞ ላንቺ» ብዬ አጎራሿን አጎርሳለሁ። አፏ ተሞልቶ እንዴት ትለምነኛለች?

ሌላው ዘዴ ሙገሳ ነው። «እጅሽ ይባረክ፣ እንዲህ ያለ ምስር ከበላሁ ቆየሁ» ብላችሁ እጃችሁን ሰብስቡ። አስተናጋጇ የምትፈልገው ሆዳችሁ እንዲፈነዳ ሳይሆን ምግቧ እንዲወደድ ነው። «አልሐምዱሊላህ» ወይም «ተመስገን» ብሎ የተነሳን ሰው ደግሞ ማንም ብዙ አይጫነውም። «ዳይት ላይ ነኝ» ግን አትበሉ። የዚያን ቀን የቤቱ ሁሉ ጨዋታ የእናንተ ሰውነት ይሆናል።

ሽማግሌ ሲያጎርሳችሁ ግን ብሉ። ለአንድ ጉርሻ ብሎ አያትን ማስከፋት ምንም ዓይነት ጤና አያመጣም።

6. ድስቱን እዩት

ብዙ ሰው እንጀራን ይቀንስና ዘይቱን ይረሳዋል። አንድ ግራም ዘይት 9 ኪሎ ካሎሪ አለው፤ አንድ ግራም ስታርች ወይም ፕሮቲን 4። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ብቻውን ወደ 120 ነው። አንድ ሊትር ዘይት ከ8,000 በላይ። እንግዲህ አስቡት፤ አራት ሰው ያለበት ቤት በወር አምስት ሊትር ቢጨርስ ለእያንዳንዱ ሰው በቀን ወደ 340 ኪሎ ካሎሪ ከዘይት ብቻ ይደርሰዋል። ማንም «ዘይት በላሁ» ብሎ አያስብም።

ዘይትን አንጠየፍም፣ እንለካዋለን። ከጀሪካን ወደ ድስት ማፍሰስ ይቅር። ማንኪያ ይኑር። ሽንኩርቱን እንደ እናቶቻችን ደረቁን አቁላሉት፤ ድስቱን ሲይዝ ውሃ ጠብ እያደረጋችሁ፣ ቡናማ እስኪል። ዘይቱ ከዚያ በኋላ ይገባል። ለአራት ሰው ሽሮ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ዘይት በቂ ነው። ጣዕሙ ከቁሌቱና ከሽሮው ነው የሚመጣው። ላዩ ላይ የሚንሳፈፈው ቀይ ዘይት ለዓይን ነው። የሚጣላኝ ሰው እንዳለ አውቃለሁ።

መጨመርንም አትርሱ። እኔ በየሳምንቱ «ምን ልቀንስ?» ማለት ትቼ «ምን ልጨምር?» እላለሁ። አንድ ሳምንት ጎመን፣ አንድ ሳምንት ዱባ ወጥ፣ አንድ ሳምንት አሹቅ ለመክሰስ። ሐይቅ ስሄድ ዓሣ። (ዓሣ ጾም ነው አይደለም የሚለውን ክርክር ለሌላ ቀን እንተወው።) በክረምት ቁልቋል፣ ማሽላ ሲደርስ እሸት። የዓለም ጤና ድርጅት በቀን ቢያንስ 400 ግራም አትክልትና ፍራፍሬ ይላል። በኑሮ ውድነቱ ብርቱካን በየቀኑ ግዙ አልላችሁም። ጎመንና ቲማቲምም ይቆጠራሉ።

7. ብርጭቆው

የሚጠጣ ስኳር አያጠግብም። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ገደማ ነው። በቀን አራት ብርጭቆ ሻይ በሦስት ሦስት ማንኪያ የሚጠጣ ሰው 48 ግራም ስኳር ገባ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ከ50 ግራም በታች፣ ቢቻል ከ25 በታች ይላል። 300 ሚሊ ሊትር ኮላ ደግሞ ብቻውን 30 ግራም ያህል ይዟል።

በአንድ ቀን «ስኳር ተውኩ» አትበሉ። በየሁለት ሳምንቱ ግማሽ ማንኪያ ቀንሱ። ምላስ ይለምዳል። እኔ ከሦስት ወደ አንድ ለመውረድ ሁለት ወር ፈጀብኝ። አሁን ሰው ቤት የሚቀዳልኝ ሻይ ሽሮፕ ይመስለኛል።

ቡናውን አትንኩት። አቦል፣ ቶና፣ በረካ፤ ሦስቱም ይጠጡ። ጥያቄው ስኳሩ ነው። ገጠር እንደሚደረገው በጨው ልጠጣ ካላችሁም ጨውን በጣም ትንሽ አድርጉት። የቡና ቁርስ ቆሎ ወይም ንፍሮ ቢሆን ግሩም ነው፤ ግን ቆሎውን በዕቃ ቆንጠር አድርጋችሁ ውሰዱ። ከወሬ ጋር ከሰፌድ የሚበላ ቆሎ ማለቂያ የለውም።

8. ጾምና ፍስክ፣ ረመዳንና ኢድ

እኛ ቤት ሁለቱም ይገባል። ከእናቴ ወገን ሙስሊም ዘመዶች አሉኝ፣ ከአባቴ ወገን ክርስቲያን። ወሎ ውስጥ ይህ ብርቅ አይደለም። በ2017 ዓ.ም. ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ሳምንት ልዩነት ውስጥ ገቡ፤ ከግማሹ ዘመድ ጋር እስከ ዘጠኝ ሰዓት፣ ከግማሹ ጋር እስከ መግሪብ ጠበቅን።

አንድ ነገር አጥብቄ እላለሁ፤ ጾምን ዳይት አታድርጉት። ጾም ለፈጣሪ ነው። «በዚያውም እቀንሳለሁ» የተባለ ዕለት ጾሙም ዳይቱም ይበላሻሉ። ደግሞ የጾም ምግብ ማለት ቀላል ምግብ ማለት አይደለም። በዘይት የተንቦገቦገ ተጋቢኖም ጾም ነው፣ ሳምቡሳም እንዲሁ።

በረመዳን ከሥርዓቱ የሚሻል ዘዴ አላገኘሁም። በተምርና በውሃ ይፈታል፣ ከዚያ መግሪብ ይሰገዳል፣ ከዚያ ይበላል። ያቺ የሶላት ዕረፍት ያን 20 ደቂቃ ለመሙላት ትረዳለች። ተምሩን፣ ሾርባውን፣ ሳምቡሳውንና እንጀራውን በአንድ ትንፋሽ የሚያገናኝ ሰው ነው ሌሊቱን በቁንጣን የሚያድረው። ሱሑርን አትዝለሉ። የክርስቲያኑ ጾም ላይም ምሳው ዘጠኝ ሰዓት ከሆነ ሽሮና ምስር ይቅደሙ፣ የተጠበሰ ድንቹ ይከተል።

ፋሲካና ኢድ ላይ ብሉ። ዶሮውንም፣ ቅቤውንም፣ ሥጋውንም። ሁለት ቀን በበዓል የበላ ሰው አይወፍርም። የሚያወፍረው ከበዓሉ በኋላ «ለማካካስ» የሚደረገው ረሃብና ረሃቡ የሚያመጣው ማዕበል ነው። የስኳር መድኃኒት የምትወስዱ ግን ከመጾማችሁ በፊት ሐኪም አማክሩ። ሁለቱም ሃይማኖት ለታመመ ሰው መንገድ አላቸው።

9. ዳገቱ አለላችሁ

ጂም የመግባት ነገር ደሴ ለሚኖር ሰው ትንሽ ይገርመኛል። ከተማዋ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ከጦሳ ተራራ ሥር የተቀመጠች ዳገት ናት። ባጃጁን በአንድ አቅጣጫ ተዉት። በሳምንት 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ ለአዋቂ የሚመከረው ዝቅተኛው ነው፤ በቀን 25 ደቂቃ እንኳ አይሞላም።

የበላችሁትን «ለማቃጠል» አትራመዱ። ያኔ መንገዱ ቅጣት ይሆናል፤ ከቅጣት ደግሞ ሰው ይጠፋል። ከምታወሩት ሰው ጋር ሂዱ።

10. «ወፈርሽ»፣ «ከሳሽ»

ይህኛው ከሁሉም ይከብዳል። እኛ ዘንድ «ወፈርሽ፣ አማረብሽ» ምርቃት ነው። «ምነው ከሳሽ? ምን ሆንሽ?» የሐዘን ጥያቄ ነው። ረሃብ ያየ አገር እንዲህ ቢል አይፈረድበትም። አሁን ደግሞ ስልኩ ተቃራኒውን ይናገራል፤ ቀጭኗን እያሳየ «እንደዚህ ሁኚ» ይላል። በዚያ ላይ «የወሎ ልጅ ሆነሽ!» የሚባል ነገር አለ፤ ቆንጆ መሆን የወረዳ ግዴታ ይመስል።

የእኔ መልስ አጭር ናት፤ «ተመስገን፣ ደህና ነኝ። አንቺስ ልጆቹ እንዴት ናቸው?» ሰው ስለ ልጆቹ ሲጠየቅ ስለ እናንተ ወገብ ይረሳል። ስልኩ ላይ ደግሞ የ«በፊት»ና የ«በኋላ» ፎቶ የሚለጥፉትን ሁሉ አጥፍቻቸዋለሁ።

ምን ይመጣል?

እውነቱን ልናገር። ይህ መንገድ በወር አሥር ኪሎ አያስቀንስም። አንዳንዱ ሰው ይቀንሳል፣ አንዳንዱ ባለበት ይቆያል፣ ለዓመታት ራሱን ያስራበ ሰው መጀመሪያ ላይ ትንሽ ሊጨምርም ይችላል። የእኔ ወገብ ከ91 ወደ 86 ወርዷል፤ ከስድስተኛው ወር ወዲህ እዚያው ቆሟል። 80 አይደለም። የሌሊቱ የመሶብ ዘረፋ ግን ከቀረ ዓመት አልፎታል፤ ለእኔ ትልቁ እሱ ነው።

ቁንጣን የሚይዝበት ቀን ደግሞ ይመጣል። እኔን ባለፈው ወር ይዞኝ ነበር፣ ባቲ ሰኞ ገበያ ሄጄ ስመለስ። ቁርስ ሳልበላ ወጥቼ፣ ምሳ ሳልበላ ውዬ፣ ማታ የሆነውን ታውቁታላችሁ። የዚያን ቀን የሚደረግ ነገር የለም። ጦስኝ ሻይ ጠጥቶ፣ ቀበቶ ፈታ አድርጎ መተኛት ነው። በማግስቱ ሎሚ በሞቀ ውሃ የለም፣ ምሳ መዝለል የለም። 1 ሰዓት ተኩል ላይ ቅንጬው ይቀርባል፣ ይበላል።